አቧራውን ከመነሳቱ በፊት መያዝ፦ በሥራ ቦታ ብናኝንና አደገኛ ኬሚካልን የመቆጣጠር መመሪያ

ማታ ከሥራ ገብታችሁ ስትታጠቡ ከአፍንጫችሁ ግራጫ ነገር ይወጣል? ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «እሰይ፣ ወጣልኝ» ይላል። እውነት ነው፣ ያ ወጥቷል። የሚያሳስበው ያልወጣው ነው።

አፍንጫ የሚያስቀረው ትልልቁን ብናኝ ነው። ለማነጻጸር ያህል የአንድ ጸጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ከ10 ማይክሮን ያነሰ ብናኝ አፍንጫና ጉሮሮን አልፎ ይሄዳል። ከ4 ማይክሮን ያነሰው ደግሞ እስከ ሳንባ ጫፍ፣ አየር ወደ ደም እስከሚገባባቸው ጥቃቅን ከረጢቶች ድረስ ይወርዳል። ይህን የሚያህል ነገር በዓይን አይታይም። ከባዱ አቧራ መሬት ከወደቀ በኋላም ደቃቁ ለሰዓታት አየር ላይ ይንሳፈፋል። እናም «አሁን ጠራ» ብለን ማስክ የምናወልቅበት ሰዓት ዋናውን የምንስብበት ሰዓት ሊሆን ይችላል።

በወርክሾፕና በግንባታ ቦታ ስዞር ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። የአቧራ ወይም የኬሚካል ጉዳይ ሲነሳ ሁሉም «ማስክ» ይላል። ማስክ ይገዛል፣ ይታደላል፣ ፋይሉ ይዘጋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ማስኩን አገጭ ላይ ተንጠልጥሎ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ማስክ የሚመጣው አምስተኛ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ሥራ አለ።

1. ሥራው እየተሠራ ዞር ዞር በሉ

ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ ቦታውን ዙሩ። ጠዋት ተጠርጎ ሳለ ወይም እንግዳ ይመጣል ተብሎ በተጸዳበት ቀን አትሂዱ። ማሽኑ ሲጮህ፣ ሰው ሲሯሯጥ ሂዱ።

ዝርዝሩን በኬሚካል ስም አትጀምሩ። በሥራው ጀምሩ፦ መቁረጥ፣ መፍጨት፣ መብሳት፣ መበየድ፣ መቀባት፣ ከረጢት ማራገፍ፣ ታንከር ማጠብ፣ መጥረግ። ከእያንዳንዱ ሥራ ጎን አራት ነገር ጻፉ። ምን ይወጣል? ማን ይተነፍሰዋል ወይም ይነካዋል? በቀን ለምን ያህል ጊዜ? አሁን ምን መከላከያ አለ?

በሥራው መጀመር ለምን ይጠቅማል? ከክፉዎቹ ብዙዎቹ በበርሜል ተገዝተው አይመጡም። እዚያው ሥራው ላይ ነው የሚወለዱት። በድንጋይና በኮንክሪት አቧራ ውስጥ ያለው ሲሊካ፣ የእንጨት ብናኝ፣ የብየዳ ጭስ፣ የናፍጣ ሞተር ጭስ፤ አራቱንም የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው በተረጋገጠው በአንደኛው ምድብ ውስጥ አስቀምጧቸዋል። አንዳቸውም ላይ ግን የማስጠንቀቂያ ምልክት ተለጥፎ አታገኙም። ስቶር ገብታችሁ ጣሳ ብቻ ብትቆጥሩ አራቱንም ታልፏቸዋላችሁ።

«ማን» ለሚለው ጥያቄ ስትመልሱ ግራይንደር የያዘውን ሰው ብቻ አትጻፉ። አጠገቡ ቆሞ የሚያቀብለው አለ። ማታ የምትጠርገው አለች። ፊልተር የሚቀይረው መካኒክ አለ፤ እሱ የሳምንቱን አቧራ በአንድ ጊዜ ነው የሚያገኘው። ቱታ ቤት ተወስዶ የሚታጠብ ከሆነ ቤተሰብም ዝርዝሩ ውስጥ ይገባል። የመኪና ባትሪ በሚጠገንበት ወይም በሚቀልጥበት ቦታ የእርሳስ ብናኝ በልብስ ተጭኖ ቤት ይገባል። ሕፃናትን ደግሞ ከአዋቂ በላይ ይጎዳል።

እዚህ ላይ በጣም የምወደው ዘዴ አለ። ጠንካራ የእጅ ባትሪ ፈልጉ። ክፍሉን ትንሽ አጨልሙት። ባትሪውን ከአቧራው ወዲያ አድርጋችሁ ወደ እናንተ አብሩትና ከብርሃኑ መስመር ፈቀቅ ብላችሁ ተመልከቱ። በመስኮት ስንጥቅ በገባ የፀሐይ ጨረር ውስጥ ብናኝ ሲጨፍር አይታችሁ የለ? ልክ እንደዚያ ነው። ጥርት ያለ የመሰላችሁ አየር ደመና ሆኖ ይታያል። መብራቱ ዓይናችሁን እንዳይወጋው በካርቶን ጋርዱት። ያያችሁትን በስልክ ቅረጹና ለሠራተኞቹ አሳዩ። አንድ ደቂቃ ቪዲዮ ከአስር ስብሰባ ይበልጣል።

2. ጣሳው ላይ ያለውን አንብቡ

ለተገዙት ነገሮች ሥራው ይቀላል። መረጃው ተጽፎ ነው የሚመጣው። ቀይ ጠርዝ ያለው በአንዱ ጫፉ የቆመ ካሬ፣ ውስጡም ጥቁር ስዕል። ጠቅላላ 9 ስዕሎች አሉ፤ በዓለም ዙሪያ አንድ ዓይነት ናቸው።

የራስ ቅልና አጥንቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ በትንሽ መጠን ቶሎ የሚገድል መርዝ ማለት ነው። እኔ ይበልጥ የምፈራው ሌላውን ነው፤ ደረቱ ላይ ኮከብ የመሰለ ስንጥቅ ያለበትን የሰው ምስል። ይህኛው ቀስ ብሎ ለሚገድለው ነው። ካንሰር፣ የመተንፈሻ አለርጂ፣ የመውለድ ችግር፣ የውስጥ አካል ጉዳት። ዛሬ ምንም ስለማይሰማችሁ ነው የሚያታልለው። ነበልባል በክብ ላይ ካያችሁ ራሱ ባይነድም ሌላውን የሚያነድድ ነው። ከተራው ነበልባል ጋር አታምታቱት፤ ሁለቱ አንድ መደርደሪያ ላይ መቀመጥ የለባቸውም።

ከዚያ የደህንነት መረጃ ሰነዱን ጠይቁ፤ በተለምዶ «ኤስ ዲ ኤስ» የሚባለውን። ሻጩ ሊሰጣችሁ ይገባል። ሰነዱ 16 ክፍል ስላለው ሰው ገና ሲያየው ይደክመዋል። ሁሉንም አንድ ቀን ላይ አታንብቡት። መጀመሪያ ክፍል 2ን (ጉዳቱ ምንድን ነው)፣ ክፍል 4ን (የመጀመሪያ እርዳታ)፣ ክፍል 7ን (አያያዝና ማከማቻ)፣ ክፍል 8ን (መከላከያ፣ ጓንትና ማስክን ጨምሮ)፣ ክፍል 10ን (ከምን ጋር አይገናኝ) አንብቡ። የእነዚህን ፍሬ ነገር በአንድ ገጽ፣ ሠራተኛው በሚያነበው ቋንቋ ጻፉና ሥራው ቦታ ላይ ለጥፉ። ቢሮ ውስጥ ተቆልፎ የተቀመጠ ሰነድ ማንንም አያድንም።

አንድ ነገር ደግሞ ዛሬውኑ አስቁሙ። ቲነር፣ አሲድ ወይም በረኪና በውሃ ጠርሙስ መገልበጥ። አንድ ጊዜ ሥራ ቦታ ላይ ጠማኝና ጠረጴዛ ላይ ያለ የውሃ ጠርሙስ አነሳሁ። ሽታው ከንፈሬ ጋር ሳይደርስ አስቆመኝ። ሽታ የሌለው ነገር ቢሆን ኖሮ እጠጣው ነበር።

3. ከየትኛው እንደምትጀምሩ ወስኑ

ዝርዝራችሁ ምናልባት ሠላሳ መስመር ይሆናል። ሁሉንም በአንዴ መሥራት አይቻልም። ለእያንዳንዱ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ቢጎዳ ጉዳቱ ይድናል ወይስ አይድንም? ምን ያህል ነው የሚነሳው፣ ለምን ያህል ጊዜ? ስንት ሰው ያገኘዋል? የማይድን ጉዳት የሚያደርስ፣ በየቀኑ የሚነሳና ብዙ ሰው የሚያገኘው ከላይ ይቀመጣል። ነጥብ አባዝቶ የሚያወጣ ሰንጠረዥ ከፈለጋችሁ ሥሩ። ለትንሽ ወርክሾፕ ግን ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ እስክሪብቶ ይበቃል።

«ትንሽ አቧራ ምን ያደርጋል?» ለሚል ሰው ይህን ሂሳብ አሳዩት። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ተቋም ለሲሊካ ያስቀመጠው ጣሪያ በ8 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 50 ማይክሮግራም ነው። ሰው በአንድ የሥራ ቀን 10 ሜትር ኩብ ገደማ አየር ይተነፍሳል። ሲባዛ 500 ማይክሮግራም ወይም ግማሽ ሚሊግራም ይመጣል። እጃችሁ ላይ ብታደርጉት ጥቂት ፍሬ ጨው ቢያክል ነው። ያ የቀኑ ሙሉ ጣሪያ ነው። ኮንክሪት በደረቁ የሚቆርጥ ሰው ይህን በደቂቃዎች ውስጥ ሊያልፈው ይችላል።

መጠኑን በትክክል ለማወቅ ባለሙያ ይጠራል። ሠራተኛው ወገብ ላይ ትንሽ ፓምፕ ይታሰራል፣ ፊልተሩ ከአፍንጫው አጠገብ ኮሌታው ላይ ይሰካል፣ ቀኑን ሙሉ ይሠራበታል፤ ከዚያ ፊልተሩ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ጥሩ ነገር ነው። ግን በባትሪ ብርሃን ደመናው በግልጽ እየታየ «ልኬቱ እስኪመጣ እንጠብቅ» ማለት ሰበብ ነው። የሚታየውን አስተካክሉ፣ ከዚያ ለኩ። ልኬቱ ይበልጥ የሚጠቅመው መከላከያው መሥራቱን ለማረጋገጥ ነው።

4. ከምንጩ ያዙት

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው፤ ማስቀረት፣ መለወጥ፣ በመሣሪያ መያዝ፣ አሠራርን ማስተካከል፣ በመጨረሻ የግል መከላከያ። ወደ ታች በወረድን ቁጥር መከላከያው በሰው ትጋት ላይ ይንጠለጠላል። ሰው ደግሞ ይደክመዋል፣ ይሞቀዋል፣ ይረሳል።

ማስቀረትና መለወጥ። ለእያንዳንዱ ቀይ መስመር «ይህን ባንሠራውስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሞኝ ጥያቄ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን መልስ አለው። ግድግዳ ከተሠራ በኋላ ለቧንቧ ከመፈልፈል ኮንክሪቱ ሲሞላ ቀዳዳውን መተው ይቻላል። ንጣፉን ሳይት ላይ ከመቁረጥ በልኩ ማዘዝ ይቻላል። ጡብ በዲስክ ከመቁረጥ በመሰንጠቂያ መስበር አቧራውን እጅግ ይቀንሰዋል። ዱቄቱን ትታችሁ በጥራጥሬ ወይም በሊጥ መልክ የተዘጋጀውን ግዙ። ቀለም ከመርጨት በሩሎ ቀቡ። በቲነር የሚበጠበጠው በውሃ በሚበጠበጥ ይተካል።

ስትለውጡ ግን ከእሳቱ ወደ ረመጡ እንዳትገቡ። አዲሱንም ሰነድ አንብቡ። ለምሳሌ ሄክሴን ያለበት ኮላና ማጽጃ ሽታው ቀለል ስለሚል ሰው ይወደዋል፤ ለረጅም ጊዜ የተነፈሰውን ሰው የእጅና የእግር ነርቭ ግን ይጎዳል። ፋብሪካ የሚሠራው አርቴፊሻል ድንጋይም እንደዚሁ ነው። ለወጥ ቤት ጠረጴዛ ውብ ነው፤ ከ90 በመቶ በላይ ሲሊካ ያለበት ዓይነት ግን አለ። እሱን የሚቆርጡ ወጣቶች በጥቂት ዓመት ውስጥ ሳንባቸው እየደረቀ መጣ። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ አግዳዋለች።

ውሃ። ድንጋይና ኮንክሪት ለሚቆረጥበትና ለሚበሳበት ቦታ ውሃን የሚስተካከል የለም። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው። ዋናው ነገር የሚፈስበት ቦታ ነው። ዲስኩ ድንጋዩን በሚነካበት ነጥብ ላይ፣ ሳይቋረጥ፣ ለእጅ መቁረጫ ቢያንስ በደቂቃ ግማሽ ሊትር። አንዱ እየቆረጠ ሌላው በቀዳዳ ጠርሙስ ጠብ ጠብ ማድረጉ ይህን አያሟላም፤ ረዳቱን ደግሞ አቧራው ውስጥ ያስገባዋል። ወለሉን ብቻ ማርጠብም አቧራው ሲወለድ አይዘውም። ኤሌክትሪክ መሣሪያ ከሆነ ለውሃ ተብሎ የተሠራ ይሁን። ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከርም ይኑረው። የወጣውን ጭቃ ሳይደርቅ ዝቁት። ሲደርቅ ተመልሶ አቧራ ነው።

በደረቁ መብሳት ይፈጥናል፤ ችኮላም ነው ሰውን የሚያስጨርሰው። እ.ኤ.አ. በ1930 በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ ሃውክስ ኔስት በሚባል ቦታ ዋሻ ሲቆፈር አለቱ በሲሊካ የተሞላ ነበር። በውሃ መብሳት ያን ጊዜም የታወቀ ዘዴ ነበር። ሥራው እንዲፈጥን ግን በደረቁ በሱት። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች በሳንባ በሽታ አለቁ።

መምጠጥ። ውሃ በማይሆንበት ቦታ፣ ለእንጨት፣ ለዱቄት፣ ለብየዳ፣ ለቀለም፣ አየር የሚመጥ ቧንቧ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ከንቱ ሲወጣ አይቻለሁ። ምክንያቱ አንድ የፊዚክስ ነገር ነው። የሚነፋ አየር ሩቅ ይሄዳል፣ የሚመጠጥ አየር ግን አይደርስም። ሻማን ከክንድ ርቀት ነፍታችሁ ታጠፏታላችሁ፤ አየር ወደ ውስጥ በመሳብ ግን ብትሞክሩ አትጠፋም። ከቧንቧው አፍ የአፉን ስፋት ያህል ስትርቁ የመምጠጥ ፍጥነቱ ወደ አንድ አስረኛ ይወርዳል። አፉ 15 ሳንቲሜትር ከሆነ በ15 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ የቀረው ጉልበት 10 በመቶ ገደማ ነው። ጣሪያ ላይ የተሰቀለ መምጠጫ ጠረጴዛ ላይ የሚነሳውን አቧራ የማያነሳው ለዚህ ነው። አፉን ወደ ሥራው አቅርቡት። መሣሪያው ላይ የሚገጠም ሽፋን ካገኛችሁ ከሁሉም እሱ ይሻላል።

የሰውየው ፊት በአቧራውና በመምጠጫው መካከል እንዳይሆንም ተጠንቀቁ፤ አቧራው በአፍንጫው በኩል አልፎ ነው የሚሄደው። መሥራቱን ለማየት ቀጭን የሶፍት ቁራጭ አፉ ላይ አስጠጉ። ካልተሳበ ቧንቧው ተደፍኗል ወይም ከረጢቱ ሞልቷል። የሚወጣው አየር በማን መስኮት እንደሚገባም ውጡና ተመልከቱ።

የቆመ ማራገቢያ ያቀዘቅዛል እንጂ አቧራ አያጠፋም። ከአንዱ አንስቶ ለአስር ሰው ያከፋፍለዋል።

ስለ ብየዳ አንድ ቃል ልጨምር። ዚንክ የተለበጠ ላሜራ የበየደ ሰው ከሰዓታት በኋላ ማታ ላይ ብርድ ብርድ ሊለው፣ ሊያተኩሰው፣ አፉ ብረት ብረት ሊለው ይችላል። ጉንፋን ይመስለዋል፤ የዚንክ ጭስ ያመጣው ትኩሳት ነው። ዚንኩን ከብየዳው መስመር ላይ መጀመሪያ አንሱ፣ ጭሱን ከምንጩ ምጠጡ፣ ራሳችሁን ከጭሱ ዓምድ አውጡ። ወተት መጠጣት አይከላከለውም። ወተት ሆድ ውስጥ ነው የሚገባው፤ ጭሱ ያለው ሳንባ ውስጥ ነው።

መጥረግና መንፋት። በደረቅ መጥረጊያ መጥረግ ጸጥ ብሎ የተኛውን ደቃቅ ብናኝ እንደገና አየር ላይ ማንሳት ነው። አርጥባችሁ ጥረጉ ወይም ጥሩ ፊልተር ያለው የኢንዱስትሪ ቫኪዩም ተጠቀሙ። የቤት ቫኪዩም ደቃቁን በጀርባው ይተፋዋል። ቱታን በኮምፕሬሰር አየር መንፋት ደግሞ ፈጽሞ ይቁም። ደስ ይላል፣ አውቃለሁ። ግን አቧራውን በግፊት ወደ ራሳችሁ ፊት ነው የምትልኩት። አየሩ ዓይንና ጆሮንም ሊጎዳ ይችላል።

ይህ ሁሉ ካልበቃ ሥራውን ከሰው ለዩት። ለብቻው ክፍል ስጡት፣ ሌላው ሰው በሌለበት ሰዓት ይሠራ፣ ነፋሱ ከጀርባ እንዲመጣ አድርጋችሁ ቁሙ።

5. አሁን ማስክ

የቀረውን ብናኝ ለመያዝ ማስክ ያስፈልጋል። የትኛው? የሐኪም ቤቱ ሰማያዊ ማስክ ለዚህ አልተሠራም፤ ጎኑ ክፍት ነው። የጨርቅም እንደዚያው። ኤን 95 በፈተና ቢያንስ 95 በመቶ፣ ኤፍ ኤፍ ፒ 2 ቢያንስ 94 በመቶ፣ ኤፍ ኤፍ ፒ 3 ደግሞ 99 በመቶ ብናኝ ያስቀራሉ። ለሲሊካ ኤፍ ኤፍ ፒ 3 ምረጡ።

መቶኛው የማስኩ ፊልተር ነው። ፊት ላይ የሚሆነው ሌላ ነው። አየር ሰነፍ ነው፣ በቀለለው መንገድ ይገባል። በጠርዙ ክፍተት ካለ ፊልተሩን አያልፍም። ሁለቱንም ማሰሪያ እሰሩ፤ አንዱን ከጆሮ በላይ፣ አንዱን ከጆሮ በታች። የአፍንጫውን ብረት በሁለት እጅ ጣት ተጫኑት። በመዳፋችሁ ሸፍናችሁ ተንፍሱ፤ አየር በጎን ካመለጠ አስተካክሉ። ጺም ካለ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። የሁለት ቀን ጺም እንኳ ያስገባል። መላጨት ለማይችል ሰው ፊት ላይ መጣበቅ የማያስፈልገው፣ በሞተር አየር የሚነፋ ኮፍያ አለ። ይወደዳል፤ ለእሱ ግን ሁነኛው መፍትሔ እሱ ነው።

ከሁሉ በላይ የማየው ስህተት የአቧራ ማስክ አድርጎ በቲነር መቀባት ነው። የአቧራ ፊልተር ትነትን አያስቀርም። ለትነት የከሰል ካርትሪጅ ያለው ማስክ ያስፈልጋል። ሲረጭ ደግሞ ትነትም ጠብታም ስላለ ሁለቱም ፊልተር ይገጠማል። ካርትሪጁ ጠረጴዛ ላይ ክፍት ከተተወ ማንም ሳይጠቀምበት አየሩን እየመጠጠ ያልቃል። በሚዘጋ ፕላስቲክ ውስጥ አስቀምጡት፣ የተከፈተበትን ቀን በማርከር ጻፉበት። ሽታ እስኪመጣ አትጠብቁ። ሁለት ጣሳ ተቀላቅሎ የሚቀባው የመኪና ቀለም ውስጥ ያለው አይሶሳይኔት ሽታው ሳያስጠነቅቅ አስም ሊያስይዝ ይችላል። አንዴ አለርጂ የሆነ ሰው ከዚያ በኋላ ትንሿም ትበቃዋለች። እንዲህ ላለው ቀለም ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያመጣ ማስክ ነው የሚመከረው።

ጓንትም እንደዚሁ ነው። ቀጭኑ የላስቲክ ጓንት ለቲነር ምንም ማለት አይደለም፤ ትነቱ በደቂቃዎች ውስጥ ያልፈዋል፣ እጅም ውስጡ ይቀቀላል። ዓይነቱን ከሰነዱ ክፍል 8 ምረጡ። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል። ጫማ ውስጥ ገብቶ ሰዓታት ከቆየ ቁስሉ ጥልቅ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ስለማያም ነው ሰው የሚዘናጋው። እጅን በቲነር መታጠብም ይቅር። ቅባቱን ያወጣዋል፣ የቆዳውንም ጭምር።

6. ምን ከምን ጋር አይቀመጥ

በረኪና ከአሲድ ጋር አይቀላቀልም፤ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። የሽንት ቤት ማጽጃው ብዙ ጊዜ አሲድ መሆኑን አስታውሱ። በረኪና ከአሞኒያም ጋር አይሆንም። «ሁለቱ ሲቀላቀሉ ይበልጥ ያጸዳሉ» የሚለው ወሬ ጽዳት ሠራተኞችን ሆስፒታል አስገብቷል።

አሲድ ሲበጠበጥ አሲዱ ወደ ውሃው ይጨመራል፣ ቀስ እያለ። ውሃው ወደ አሲዱ ከሆነ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። አሲድና አልካሊን ለዩ። የሚነድደውን ከሚያነድደው ለዩ። ፈሳሽ ከዓይን ከፍታ በላይ አይደርደር፤ ሥሩም የሚፈሰውን የሚይዝ ሳህን ይኑረው። የቤንዚንና የቲነር ትነት ከአየር ይከብዳል። ወለል ለወለል ተንፏቆ ሌላ ክፍል ያለ ብልጭታ ጋር ይደርሳል። የተልባ ዘይት ወይም የእንጨት ዘይት የነካ ጨርቅ ጥቅልል ብሎ ከተጣለ ራሱ ሞቆ ሊነድድ ይችላል፤ ክዳን ባለው ብረት ውስጥ ውሃ አድርጋችሁ ጣሉት።

7. የሚፈነዳ አቧራ

ዱቄት፣ ስኳር፣ ሰጋቱራ፣ የፕላስቲክና የአሉሚኒየም ብናኝ አየር ላይ ሲበተኑ እንደ ባሩድ ይነድዳሉ። እ.ኤ.አ. የካቲት 7 ቀን 2008 በአሜሪካ ጆርጂያ፣ ፖርት ዌንትዎርዝ በሚገኝ የስኳር ፋብሪካ በተነሳ ፍንዳታ 14 ሰዎች ሞተዋል። ስኳር ነው የፈነዳው።

ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ፍንዳታ ትንሽ ነው። እሱ ሕንፃውን ሲያናውጠው ወራጁ፣ ቧንቧውና መብራቱ ላይ ለዓመታት የተጠራቀመው አቧራ ይረግፋል። ሁለተኛው ፍንዳታ ያን አግኝቶ ነው የሚጨርሰው። ስለዚህ መሰላል አውጡና ላይ ላዩን ተመልከቱ። የወረቀት መያዣ ክሊፕ ሽቦ ያህል ውፍረት (0.8 ሚሊሜትር ገደማ) ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ካገኛችሁ ጊዜው አልፏል። የጽዳቱ ፕሮግራም ውስጥ ወለሉን ብቻ ሳይሆን ወራጁንም ጻፉ። አቧራ ባለበት ክፍል ብየዳና ግራይንደር አይግባ።

8. ጠባብ ቦታና ድንገተኛ አደጋ

ታንከር፣ ጉድጓድ፣ ሴፕቲክ ታንክ፣ የእህል ጎተራ። ለእነዚህ ሕጉ አጭር ነው። አየሩ በመሣሪያ ሳይለካና ውጭ የሚጠብቅ ሰው ሳይኖር ማንም አይገባም። የፊልተር ማስክ ኦክስጅን አይሠራም። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፤ መጠኑ ሲጨምር ግን አፍንጫን ያደነዝዘዋል። ሽታው የጠፋው ጋዙ ስለጠፋ ይመስላችኋል። ባልደረባችሁ ውስጥ ወድቆ ብታዩ ዘላችሁ አትግቡ። ከባድ ነው፤ ግን ሊያድኑ ዘለው የገቡ ሰዎች በተከታታይ ሲሞቱ ተደጋግሞ ታይቷል። ከውጭ በገመድ የሚወጣበትን መንገድ ከመግባቱ በፊት አዘጋጁ።

ዓይን ውስጥ ኬሚካል ከገባ የዓይኑን ቆብ ከፍቶ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ ማጠብ፤ ሐኪም ቤት የሚኬደው ከዚያ ነው። 15 ደቂቃ ሲታጠቡ ረጅም ነው፤ ሰዓት ያዙ። ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ልብሱን አውልቆ ብዙ ውሃ። የዋጠን ሰው በግድ አታስመልሱት። ወደ ሐኪም ስትሄዱ ጣሳውን ወይም ሰነዱን ይዛችሁ ሂዱ።

9. የሳንባውን መዝገብ ያዙ

ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ከ300 ዓመት በፊት ሐኪሞችን አንድ ጥያቄ እንዲጨምሩ መክሯቸው ነበር፤ «ሥራህ ምንድን ነው?» ዛሬም ብዙ ሐኪም አይጠይቅም። ስለዚህ እናንተው ንገሩት። «አሥር ዓመት ድንጋይ ቆርጫለሁ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ምርመራውን ትለውጠዋለች።

ሰው ሲቀጠር የትንፋሽ ምርመራ ይደረግለት፣ ከዚያም በየጊዜው ይደገም። ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ካለፈው ዓመት ሲነጻጸር ግን ይናገራል። ሳል፣ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ፣ በሥራ ቀን ብሶ በእረፍት ቀን የሚሻለው ከሆነ የሥራ አስም ጠርጥሩ። ዱቄትና የመኪና ቀለም በዚህ የታወቁ ናቸው። ሲሊኮሲስ፣ የሲሊካ አቧራ የሚያመጣው የሳንባ በሽታ፣ ተመልሶ የሚድን አይደለም፤ ለሳንባ ነቀርሳም ያጋልጣል። ብዙ ጊዜ ምልክቱ የሚታየው ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ ስለሆነ ማን የት፣ ምን ሥራ እንደሠራ የሚያሳየውን መዝገብ አትጣሉ። ሰውየው ሥራ ቢለቅም።

10. ተመልሳችሁ ሂዱ

መከላከያው በተተከለ በወሩ ባትሪዋን ይዛችሁ ሥራው በሚጦፍበት ሰዓት ተመለሱ። የመጀመሪያው ቀን ያያችሁት ደመና ተመልሶ ከሆነ ወይ ቧንቧው ተደፍኗል፣ ወይ አንዱ ውሃውን ዘግቶታል። ውሃውን የዘጋውን ሰው ከመቆጣታችሁ በፊት ለምን እንደዘጋው ጠይቁት። እኔ የጠየቅሁት ሰው መልሱ አጭር ነበር። ውሃው ጫማው ውስጥ እየገባ ቀኑን ሙሉ እግሩ ይርሳል። ቦቲ ጫማ ተገዛለት፣ ውሃው ተከፈተ።